በ1994 የረዘመው፣ በ2003 ያልረዘመው የዝንብ ዕድሜ

በ1994 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣች ባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ የእርጅና ተመራማሪዎችን አነጋገረች። ዳላስ፣ ቴክሳስ በሚገኘው ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ዊሊያም ኦርና ራጂንደር ሶሃል ለፍራፍሬ ዝንብ ሁለት አንቲኦክሲዳንት (ኦክሲጅን የሚያደርሰውን ጉዳት የሚከላከሉ) ኢንዛይሞችን የሚያሠሩ ጂኖች ትርፍ ቅጂ አስገቡላት። ተራዋ ዝንብ ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አላት፤ የእነሱ ዝንቦች ሦስት ሦስት ነበራቸው። ከመካከላቸው ዕድሜያቸው እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ የረዘመ ተገኙ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2003፣ እነዚሁ ሁለት ሰዎች ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ጥያቄውን ከ90,000 በሚበልጡ ዝንቦች ላይ ደገሙት። ኢንዛይሙ ጨመረ፤ ዕድሜው ግን አልረዘመም።

በሁለቱ ሥራዎች መካከል ትልቁ ልዩነት ያለው ከጎን በቆመችው ማነጻጸሪያ ዝንብ ላይ ነው። በነፍሳት ላይ የኢንዛይም ልኬት የሚሠራ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚያው ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከነላቦራቶሪው ዝርዝር ማየት ይጠቅማል።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ዴንሃም ሃርማን በ1956 ያቀረበው መላምት አጭር ነው፦ ሰውነት ኦክሲጅን ሲጠቀም ፍሪ ራዲካሎች የሚባሉ፣ ያገኙትን የሚያጠቁ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ፤ እነሱ የሚያደርሱት ጉዳት ሲጠራቀም እርጅና ይሆናል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሱፐርኦክሳይድ በብዛት የሚወጣው ከማይቶኮንድሪያ፣ ከሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ነው። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የተባለው ኢንዛይም፣ በላቦራቶሪ አጠራሩ ሶድ፣ ሁለት ሱፐርኦክሳይዶችን ወስዶ አንድ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና አንድ ኦክሲጅን ያደርጋቸዋል። ፐርኦክሳይዱን ደግሞ ካታሌዝ ወደ ውኃና ኦክሲጅን ይበትነዋል። መዳብና ዚንክ የያዘው ሶድ በዋነኛነት በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ፣ ማንጋኒዝ የያዘው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይሠራል። ካታሌዝ የሚገኘው ፐርኦክሲሶም በሚባሉት ከረጢቶች ነው።

ኦርና ሶሃል ሁለቱን ኢንዛይሞች አብረው የጨመሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሶድ ብቻውን ቢበዛ ምርቱን የሚያነሳለት ያጣል የሚል ስጋት ነበር። ካታሌዝን ለብቻው ቀደም ብለው ሞክረውት ዕድሜ አላረዘመም። ሁለቱን ሲያጣምሩ ግን የሚያሳምን ውጤት መጣ፤ ዕድሜ ብቻም አልነበረም። የሞት ዕድል በእጥፍ ለማደግ የሚፈጅበት ጊዜ ረዘመ፣ በፕሮቲን ላይ የሚታየው የኦክሲዴሽን ጉዳት ቀነሰ፣ ዝንቦቹ ቅልጥፍናቸውን የሚያጡበት ጊዜም ዘገየ። አራቱም ምልክቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ያላመነ ሰው ቢኖር ነው የሚገርመው።

በተቃራኒው በኩልም ማስረጃ ነበር። በ1989 መዳብና ዚንክ ያለው ሶድ ጨርሶ የሌላቸው ዝንቦች ተገልጸዋል፦ ዕድሜያቸው አጭር፣ ፓራኳት የተባለውን አረም ማጥፊያ የማይችሉ፣ ወንዶቹም መካን። ኢንዛይሙ ሲጎድል ዕድሜ ካጠረ፣ ሲጨምር ይረዝማል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ጨው የጎደለው ወጥ አይበላም፤ ከልኩ በላይ የተጨመረበት ግን ይበልጥ ጣፈጠ የሚል ሰው የለም። ጂን አጥፍቶ ዕድሜ ማሳጠር ስለ እርጅና የሚናገረው ትንሽ ነው፤ የሕዋስን አስፈላጊ ክፍል የሚያበላሽ ነገር ሁሉ ያሳጥራልና።

ማነጻጸሪያዋ ዝንብ

በዚያ ዘመን ጂን የሚገባው ፒ ኤለመንት በሚባል ተንቀሳቃሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ነበር። ቁራጩ የት እንደሚያርፍ መምረጥ አይቻልም። አንዱ ጋ ጎረቤት ጂን ያበላሻል፣ ሌላው ጋ ያነቃል፣ ሌላው ጋ ምንም አያደርግም። ስለዚህ አንድ የዘር መስመር ከሌላው በዕድሜ ቢለይ፣ ልዩነቱ ከገባው ጂን ይሁን ካረፈበት ቦታ መለየት የሚቻለው ብዙ መስመሮችን ከብዙ ማነጻጸሪያ መስመሮች ጋር በማስተያየት ነው።

ሁለተኛው ችግር የቤተ ሙከራ ዝንብ እርስ በርስ መዳቀል ነው። ለብዙ ትውልድ በጠባብ ቤተሰብ የቆየ መስመር ይዳከማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጤናማ ዝንብ ከሁለት ወር በላይ መኖር እየቻለች የማነጻጸሪያው አማካይ አርባ ቀን አካባቢ ከሆነ፣ የተጨመረው ጂን የሚሠራው እርጅናን በማዘግየት ይሁን የመስመሩን ድክመት በመደገፍ አይታወቅም። የታመመ ሰው መድኃኒት ወስዶ ሲነሣ መድኃኒቱ ጤነኛውንም ያበረታል እንደማለት ነው።

ሌሎች ላቦራቶሪዎችም በመካከሉ ውጤት አውጥተው ነበር። በ1998 የሰው ሶድ ጂን በዝንብ የእንቅስቃሴ ነርቮች ውስጥ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ዕድሜ እስከ 40 በመቶ ረዘመ። በ1999 ደግሞ ጂኑ ዝንቧ ካደገች በኋላ እንዲነሣ የሚያደርግ ዘዴ ተጠቅመው ማራዘሙን አዩ። ይህ ሁለተኛው ዘዴ ብልህ ነው፤ የምትነጻጸረው ዝንብ በዘር አንድ ዓይነት ናትና የቁራጩ ቦታ ጥያቄ ይወድቃል። የዘር መሠረቱ ጥያቄ ግን አይወድቅም። በ2003 ሌላ ቡድን የ1998ቱን የነርቭ ሙከራ ረጅም ዕድሜ ባላቸው መስመሮች ላይ ሲሞክረው፣ ማራዘሙ እንደ ጾታውና እንደ ዘር መሠረቱ የሚለያይ ሆኖ አገኘው።

ወደ ኦርና ሶሃል እንመለስ። ለ2003ቱ ሥራ ከመጀመሪያውኑ ረጅም ዕድሜ ያላቸውን ሁለት መሠረቶች መረጡ፦ ዋይ-ደብሊው የሚባለውንና ኦሪገን-አር የሚባለውን። የማነጻጸሪያውንም የተጨመረበቱንም መስመር በብዛት አዘጋጁ። የድካሙን ስፋት ለመገመት፣ በአንድ ብልቃጥ 25 ዝንብ ብናስብ 90,000 ዝንብ 3,600 ብልቃጥ ይሞላል፤ ያም ዝንቦቹ ሞተው እስኪያልቁ በየሁለት ቀኑ ወደ አዲስ ምግብ የሚገለበጥ ነው። የሶድም የካታሌዝም መጠን በርግጥ ጨመረ። በዋይ-ደብሊው ዝንቦች ላይ ጥቅም አልታየም፣ በኦሪገን-አር ላይ እንዲያውም ዕድሜ በጥቂቱ አጠረ። የማንጋኒዙን ሶድ ወይም ታዮሬዶክሲን ሪዳክቴዝ የተባለ ሌላ አንቲኦክሲዳንት ኢንዛይም ቢጨምሩበትም አልተለወጠም። አጭር ዕድሜ ባላቸው መስመሮች ላይ የተወሰነ ውጤት ሊኖር እንደሚችል ግን በሩን ክፍት ትተውታል። የራስን ታዋቂ ውጤት በዚህ መጠን መፈተን በሳይንስ ውስጥ ከሚወራው ያነሰ ነው የሚደረገው።

ዕድሜ መቁጠር

ለእንዲህ ያለ ሥራ ዝንብ ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚሠራው ማዳቀል ነው። የተጨመረበት መስመር ከማነጻጸሪያው ጋር ቢያንስ ስድስት ትውልድ ወደ ኋላ ይዳቀላል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ከገባው ጂን በቀር በመሠረታቸው ተመሳሳይ ይሆናሉ። ወልባኪያ የተባለው በሕዋስ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ በአንዱ መስመር ኖሮ በሌላው ከሌለ ልዩነቱ የባክቴሪያው ሊሆን ይችላል። በቴትራሳይክሊን ይጸዳል፤ መድኃኒቱ ግን ማይቶኮንድሪያንም ስለሚነካ ከሕክምናው በኋላ ጥቂት ትውልድ ሳያልፍ ዕድሜ መቁጠር አይጀመርም።

በአሁኑ ጊዜ ብዙ ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት ምግብ ለአንድ ሊትር 100 ግራም እርሾ፣ 50 ግራም ስኳርና 15 ግራም አጋር ነው። ፈልቶ ወደ 60 ዲግሪ ሲበርድ 3 ሚሊ ሊትር ፕሮፒዮኒክ አሲድና በአልኮል የተሟሟ 10 በመቶ ኒፓጂን 30 ሚሊ ሊትር ይገባበታል። ትኩሱ ላይ ከገቡ ኃይላቸው ይቀንሳል፣ ሻጋታውም በሳምንቱ ይመጣል። ላዩ ውኃ ያቆረ ምግብ ላይ ዝንብ ትለጠፋለች፤ አርጅታ ክንፏ የደከመባት ደግሞ በቀላሉ ትያዛለች። ያቺ ዝንብ በእርጅና ሞተች ተብሎ ይመዘገባል። ብልቃጡ ከመከደኑ በፊት ምግቡ ሙሉ ለሙሉ ረግቶ ላዩ እስኪደርቅ መጠበቅ ይህን ያስቀራል።

በአንድ ቀን የወጡ ዝንቦች 48 ሰዓት አብረው ከቆዩ በኋላ በቀላል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደንዝዘው በጾታ ይለያሉ፣ በአንድ ብልቃጥ 25 ይገባሉ። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ ብርሃኑ 12 ሰዓት፣ ጨለማው 12 ሰዓት ነው። ሙቀቱ ወደ 18 ቢወርድ ዕድሜ በጣም ይረዝማል፤ ስለዚህ የኢንኩቤተሩ ላይኛውና ታችኛው መደርደሪያ በአንድ ዲግሪ ቢለያይና አንዱ መስመር ሁልጊዜ ታች ቢቀመጥ፣ አስደሳች ግን ውሸት የሆነ ውጤት ይገኛል። ብልቃጦቹን በእያንዳንዱ ዝውውር ቦታ ማቀያየር ነው መፍትሔው። ሲገለበጡ ያመለጡ ዝንቦች እንደ ሞቱ አይቆጠሩም፤ እስከዚያ ቀን በሕይወት ነበሩ ተብሎ ይመዘገባል። እነሱን በሟች መዝገብ መጻፍ አማካዩን ያሳጥራል፣ የሚያሳጥረውም ሥራ የበዛበት ሰው የያዘውን መስመር ነው።

ጂኑን በመድኃኒት የሚያነሣ ዘዴም አለ፤ ምግቡ ላይ አርዩ-486 ይጨመራል። ይህ መድኃኒት ብቻውን የተዳቀለችን እንስት ዕድሜ ስለሚነካ፣ ትርፍ ጂን የሌላት ዝንብም መድኃኒቱን በልታ መቆጠር አለባት። ይህች ማነጻጸሪያ በብዙ ሙከራ ውስጥ የለችም።

ኢንዛይሙን መለካት

ዝንቧ አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ለአንድ ናሙና 20 ወንድ ይበቃል። ወንድ የሚመረጠው እንስቷ የተሸከመችው እንቁላል የፕሮቲኑን መጠን ስለሚያዛባው ነው። የቀይ ዓይን ቀለም የብርሃን ንባብ ስለሚያበላሽ ጭንቅላት በበረዶ ላይ ይቆረጣል። አካሉ በ1 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ 50 ሚሊሞላር ፖታሲየም ፎስፌት፣ ፒኤች 7.0፣ 0.1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤና 0.1 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 ባለበት ፈሳሽ ይፈጫል። ትራይተኑ ፐርኦክሲሶሙን ስለሚከፍት ከተረሳ የካታሌዙ አንድ ክፍል ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል። የተፈጨው ነፍሳት በአየር ላይ ሲቆም ይጠቁራል፤ የሚያጠቁረው ፌኖልኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ጥቂት ፌኒልታዮዩሪያ ያቆመዋል። ከዚያ በ4 ዲግሪ በ10,000 ጂ ለ10 ደቂቃ ሴንትሪፊውጅ ይደረጋል፣ ላይ ያለው ፈሳሽ በበረዶ ይቀመጣል።

የካታሌዝ ልኬት ቀላል ይመስላል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በ240 ናኖሜትር ብርሃን ይመጥጣል፣ ሲበተን ንባቡ ይወርዳል። 30 በመቶ የሆነው ፐርኦክሳይድ 9.8 ሞላር ያህል ስለሆነ፣ 0.1 ሚሊ ሊትሩ በ100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ 10 ሚሊሞላር ገደማ ይሰጣል፤ ንባቡም በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (ፈሳሹ የሚነበብበት ትንሽ ዕቃ) 0.43 አካባቢ መሆን አለበት። ካልሆነ ጠርሙሱ አርጅቷል፣ ስሌቱን አትቀጥሉ። አንድ ምሳሌ እንሥራ፦ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ማይክሮ ሊትር ናሙና ገብቶ ንባቡ በደቂቃ 0.052 ቢወርድ፣ ለ43.6 (1 ሞላር ፐርኦክሳይድ በ1 ሴንቲሜትር ለሚሰጠው ንባብ) ሲካፈል 0.00119 ሞላር፣ ማለትም በ1 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ በደቂቃ 1.19 ማይክሮሞል ይሆናል። በ50 ሲባዛ ለአንድ ሚሊ ሊትር ናሙና 59.6 ነው፤ ፕሮቲኑ 1.4 ሚሊ ግራም ከሆነ በሚሊ ግራም ፕሮቲን 42.6 ዩኒት ይወጣል።

የሚሳሳቱት ስሌቱ ላይ አይደለም። ፕላስቲክ ኩቬት በዚህ የሞገድ ርዝመት ብርሃን ስለሚያግድ ኳርትዝ ያስፈልጋል። ናሙናው ከበዛ የኦክሲጅን አረፋ ይወጣል፣ ንባቡም ወደ ላይ ይዘላል። ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ ፐርኦክሳይዱ ኢንዛይሙን ራሱን ያዳክማል፤ ስለዚህ የሚያዘው የመጀመሪያው 30 እስከ 60 ሰከንድ ነው። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ብርሃኑ የሚያልፍበት ርቀት ወደ 0.6 ሴንቲሜትር መሆኑን ከረሳ፣ ሙሉ የሙከራ ሳምንቱ 40 በመቶ ዝቅ ብሎ ይጻፋል።

ሶድ ይበልጥ ያስቸግራል። ማክኮርድና ፍሪዶቪች በ1969 ያወጡት ዘዴ ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ሱፐርኦክሳይድ እንዲያመነጭ አድርጎ፣ ሳይቶክሮም ሲ የተባለው ፕሮቲን በ550 ናኖሜትር የሚቀየርበትን ፍጥነት ያያል። ሶድ ሳይኖር ፍጥነቱ በደቂቃ 0.025 እንዲሆን ይስተካከላል፤ ይህንን በግማሽ የሚቀንስ መጠን አንድ ዩኒት ይባላል። አደጋው እዚህ ነው፦ 50 በመቶ ቅነሳ አንድ ዩኒት ከሆነ 80 በመቶ አራት፣ 90 በመቶ ዘጠኝ ነው። ከ80 እስከ 90 ያለው ልዩነት በመስመሩ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያህል ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን ኢንዛይሙ ከእጥፍ በላይ ጨመረ ተብሎ ይጻፋል። ናሙናውን አቅጥኖ ቅነሳውን ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ማድረግ ግዴታ ነው። በጥሬ ናሙና ውስጥ ያለ ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ ሳይቶክሮም ሲን መልሶ ስለሚቀይረው ሶድ የበዛ ያስመስላል፤ 10 ማይክሮሞላር ሲያናይድ ይህን ይከለክላል። ሲያናይድ አሲድ ሲነካው ገዳይ ጋዝ ስለሚሆን ቆሻሻው ከአሲድ ጋር አይጣልም።

ገበያ ላይ ያሉት ኪቶች (የተዘጋጁ የመለኪያ ጥቅሎች) በአብዛኛው ለአጥቢ እንስሳት ናሙና የተሠሩ ናቸው። አንዱ የግሉታታዮን ሪዳክቴዝ ኪት ነው። በ2001 እንደታወቀው የፍራፍሬ ዝንብ ይህ ኢንዛይም የላትም፤ ሥራውን የሚሠራላት የታዮሬዶክሲን ሥርዓት ነው። ኪቱ ግን ቁጥር መስጠቱ አይቀርም፤ ሌላ ነገር ኤንኤዲፒኤችን (ኪቱ መቀነሱን የሚያነበውን ሞለኪውል) ሲበላ ንባቡ ይወርዳልና። በዚያ ቁጥር ላይ የተሠራ የእርጅና ግራፍ ስለ ዝንቧ ምንም አይናገርም።

ወጣትና አሮጌ ዝንብ ሲነጻጸሩ ሌላ ወጥመድ አለ። ዝንቧ ስታረጅ የሚሟሟ ፕሮቲኗ ይቀንሳል። ኢንዛይሙ ሳይለወጥ ፕሮቲኑ ብቻ ቢቀንስ፣ በሚሊ ግራም ፕሮቲን የተሰላው መጠን ጨመረ ይመስላል። ለዚህ ነው ውጤቱን በአንድ ዝንብም በሚሊ ግራም ፕሮቲንም መጻፍ የሚያስፈልገው። ከዚህም በላይ በ60ኛው ቀን የተፈጩት ዝንቦች የተረፉት ናቸው። ደካማዎቹ ቀድመው ሞተዋል፣ በናሙናው ውስጥም የሉም።

ከዚያ በኋላ የታየው

በዚሁ በ2003 የእነ ኦር ቡድን ካታሌዝን ወደ ዝንቧ ማይቶኮንድሪያ ልኮት ነበር፤ በተፈጥሮ እዚያ በማይገኝበት ቦታ ማለት ነው። ዝንቦቹ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን በደንብ ቻሉ፣ ዕድሜያቸው ግን አልረዘመም። መርዝ መቋቋምና ዘግይቶ ማርጀት በአንድ ቃል ሲጠሩ ቆይተዋል፤ እዚህ ተለያዩ። ፓራኳት ወይም ፐርኦክሳይድ ሰጥቶ «ቻለች» ብሎ ስለ እርጅና መደምደም ከዚያ ወዲህ የሚያስኬድ አይደለም፤ አሁንም ግን ይታያል።

የእነሱ ቡድን በ2005 ያወጣው ደግሞ ነገሩን መልሶ ያወሳስባል። ግሉታታዮን የሚሠራውን ኢንዛይም ዋና ክፍል በነርቮች ውስጥ ሲያበዙ ዕድሜ እስከ 50 በመቶ ረዘመ። ይህ ከሶድና ከካታሌዝ የሚለየው ግሉታታዮን ፐርኦክሳይድ ከማስወገድ ሌላ የሕዋሱን የኬሚካል ሚዛን የሚቆጣጠር ሞለኪውል በመሆኑ ነው፤ ዕድሜውን ያረዘመው የትኛው ሥራው እንደሆነ ከዚህ ውጤት ብቻ አይነበብም።

ንብ አርቢ ለሆነ አንባቢ የቀረበ ምሳሌ በንግሥቲቱ ላይ አለ። ሠራተኛ ንብ በበጋ ጥቂት ሳምንት ስትኖር ንግሥቲቱ ዓመታት ትኖራለች፤ ሁለቱ በዘር ልዩነት የላቸውም፣ የሚለያዩት ሲያድጉ በበሉት ነው። ንግሥቲቱ በአንቲኦክሲዳንት የተሞላች ትሆናለች ተብሎ በ2005 የጂኖቿ ሥራ ሲለካ፣ የአንቲኦክሲዳንት ጂኖች ሥራ በዕድሜ እየቀነሰ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ትኩረቱ ወደ ቪቴሎጄኒን ዞረ። እሱ ለእንቁላል አስኳል የሚሠራ ፕሮቲን ነው፣ ኢንዛይምም አይደለም፣ ነገር ግን ኦክሲዴሽንን ቀድሞ በራሱ ላይ ይቀበላል። የካታሌዝ ኪት ይዞ ቀፎ የሚከፍት ተመራማሪ እሱን በፍጹም አይለካውም።